«ጀምሬዋለሁ» የሚል ባል

መጽሐፍ የሚገዛ ባል ከሰካራም ይብሳል። ሰካራም ቢያንስ ያፍራል፤ ግድግዳ ይዞ፣ ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚገባው። መጽሐፍ የሚገዛው ግን ደረቱን ነፍቶ ይገባል፣ ጎረቤትም «ታድለሽ!» ይላል። ልብስ ሰፊዋን አንጀቷን የሚያሳርራት ይሄ ነበር። ባሏ ቢጠጣ ዘመድ ተሰብስቦ ይመክርላታል። ቁማር ቢጫወት ሰው ያዝንላታል። ለመጽሐፍ ለማን አቤት ይባላል?

እንዲህ ያለ ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም። የሷው ግን ብሶበታል። ሥራው ቆጣሪ አንባቢ ነው፤ በየቤቱ እየዞረ የመብራት ቆጣሪ ላይ ያለውን ቁጥር እያየ ይመዘግባል። እንግዳ ሰው «ሥራህ ምንድን ነው?» ሲለው ታዲያ ጉሮሮውን ጠርጎ፣

«አንባቢ ነኝ» ይላል። ቆጣሪዋን ዋጥ ያደርጋታል።

«ቆጣሪ አንባቢ በል!» ትለዋለች ከኋላው።

«ምን ለውጥ አለው? ማንበብ ማንበብ ነው።»

በዚህ የተነሣ ቤት ውስጥ ስሙ «ክቡር አንባቢ» ሆነ። ሚስታቸው ስታማቸው አንቱ ትላቸዋለች፤ ስለዚህ ሁልጊዜ አንቱ ናቸው።

ክቡር አንባቢ ከቆጣሪ ሌላ ነገር አንብበው ሲጨርሱ ያየ ሰው የለም። መጽሐፉን ገዝተው ይመጣሉ። መጀመሪያ ያሸቱታል። ጀርባውን ያነቡታል። ከዚያ ጋደም ብለው የመጀመሪያውን ገጽ ይገልጣሉ፣ ሦስተኛው መስመር ላይ አፋቸው ይከፈታል፣ መጽሐፉ ደረታቸው ላይ ይደፋል። በማግስቱ «አነበቡት?» ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነው፤ «ጀምሬዋለሁ።» እዚያ ቤት ያልተጀመረ መጽሐፍ የለም። ያለቀም የለም።

መደርደሪያው ሞላ። ከዚያ አልጋው ስር፣ ከዚያ ቁም ሳጥኑ ላይ፣ ከዚያ የሽንኩርቱ ቅርጫት ውስጥ። አንድ ቀን ካውያ ስትፈልግ የማስታወስ ችሎታን ስለማዳበር የተጻፈ መጽሐፍ አገኘች። አንድ ዓይነት፣ ሦስት ፍሬ።

«ሦስት ምን ያደርግልሃል?»

«መግዛቴን ረስቼ ነው።»

ታላቅ ወንድሟን ጠራች፣ መቼም ወንድ ለወንድ ይሰማማል ብላ። ወንድሟ ፊቱን አጨፍግጎ ገባ። መደርደሪያው ፊት ቆመ። ራሱን ነቀነቀ።

«አይ እህቴ፣ ከሊቅ ጋር እየኖርሽ ታማርሪያለሽ?» ብሏት ሄደ። እሱ እንኳ ቁጣውን ጀምሮት ነበር።

መጨረሻ ላይ ክቡር አንባቢ ራሳቸው ማሉ። «ሁለተኛ መጽሐፍ ብገዛ ከምላሴ ጸጉር ይነቀል!» በሦስተኛው ቀን እንደ ጡብ የከበደ ነገር በብብታቸው ይዘው ገቡ።

«ምንድን ነው?»

«መዝገበ ቃላት ነው።»

«አልገዛም አላልክም?»

«ይሄ እኮ አይነበብም። ይታያል ብቻ።»

«ሌላው መቼ ተነበበና!»

ይህን ሁሉ ችላው ነበር፣ መጽሐፎቹ መቁረጫ ጠረጴዛዋ ላይ እስኪወጡባት። ዕድሜዋን ሙሉ ዚፕ ስትቀይርና የሰው ሱሪ ስታሳጥር የኖረች ሴት ናት። በዚያ ሳምንት የአንድ ሆቴል ሥራ አስኪያጅ በሯ ድረስ መጥቶ፣ «እስከ ሐሙስ ስምንት መጋረጃ ለናሙና ስፊልን፤ ከወደድነው የሆቴሉ መጋረጃ በሙሉ ያንቺ ነው» ብሏት ሄደ። ቅዳሜ ጠዋት የመጋረጃውን ጨርቅ ጣቃ ተሸክማ ወደ ጠረጴዛዋ ስትመጣ ጠረጴዛ የለም። መጽሐፍ ነው ያለው።

ወለል ላይ አነጠፈችው። በጉልበቷ ተንበርክካ መቁረጥ ጀመረች። ወንበሩ ላይ የነበረው ክምር ተንሸራቶ ክንዷ ላይ ወረደ፣ መቀሱ ሸርተት አለ፣ አንድ ሙሉ መጋረጃ በሰያፍ ተተረተረ።

«ዛሬ ወይ እነሱ ይወጣሉ ወይ እኔ እወጣለሁ!»

«ቀስ በይ እንጂ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ! ሰፈሩ ሊቅ ያገባሁ ይመስለዋል! ከዛሬ ጀምሮ አንዲት መጽሐፍ እንዳትገዛ። ያለውን ታነባለህ። ጮክ ብለህ፣ እኔ ፊት፣ ቆመህ! ተኝተህማ አውቅሃለሁ። ያላነበብከውን ለባለሱቁ መጠቅለያ እሰጠዋለሁ!»

ክቡር አንባቢ ጠረጴዛውን ባዶ አደረጉ። ከላይ ያገኙትን አንሥተው፣ እንደ ተቀጣ ተማሪ ግድግዳ ተደግፈው ጀመሩ። አነባበባቸው የቆጣሪ ነው፤ ቃሉን እንደ ቁጥር አንድ በአንድ ይጠሩታል። ታሪኩ መሬቷን የነጠቃትን ባለወፍጮ ስለከሰሰች አንዲት ባል የሞተባት ሴት ነበር። ልብስ ሰፊዋ አልሰማሁም ብላ ትቆርጣለች።

አራተኛው ገጽ ላይ መቀሱ ቆመ።

«ወደ ኋላ መልሰው። ምን አላት?»

«‹ውሉን ፈርመሻል› አላት።»

«ውሸታም! ማንበብ የማትችል ሴት ምኑን ፈረመች? ቀጥል!»

«ልቀመጥ?»

«ቁም!»

እስከ ረቡዕ እንዲህ ሆነ። ከሥራ ሲገባ ቦርሳውን አስቀምጦ ይቆማል፣ እሷ ትሰፋለች። የስፌት መኪናው ድምፁን ሲውጥበት ይጮኻል፤ ጎረቤቶች «ሰሞኑን ተጣልተዋል» አሉ። በአሥራ አንድ ዓመት ትዳር የባሏን ድምፅ ይህን ያህል ሰምታው አታውቅም። ወፍራም ነው። የመጽሐፉ ሴትዮ ስታለቅስ ትንሽ ይንቀጠቀጣል።

ሐሙስ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ መጋረጃዎቹን ወደ ብርሃን ይዞ አየ፣ ስፌቱን በጣቱ ዳሰሰ። «የቀሩት ሠላሳ ሁለቱ ያንቺ ናቸው» አላት። ከሰዓት አዲሱን ጨርቅ ዘርግታ ባሏን ጠበቀች። ገባ፣ ቆመ፣ ንባቡን ቀጠለ። ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። ባለወፍጮውን አዩ። ሴትዮዋን አዩ። ሊፈርዱ አፋቸውን ከፈቱ።

ባሏ መጽሐፉን ከደነው።

«ቀጥል እንጂ!»

«አለቀ።»

«ምኑ?»

«‹የክፍል አንድ መጨረሻ› ይላል።»

«ክፍል ሁለት የታለ?»

ባሏ ጫማውን አየ። «የለንም። ሰኞ ዕለት መጽሐፍ ሻጩ ‹ክፍል ሁለቱ ገባልህ› ብሎ አውጥቶ ሰጥቶኝ ነበር። አትግዛ ብለሽኛል ብዬ መለስኩለት።»

«መለስከው?» መቀሷን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። «አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የነገርኩህን በጆሮህ ሳታስገባ ኖረህ፣ ዛሬ ትሰማኛለህ? ሠላሳ ሁለት መጋረጃ በዝምታ ልሰፋልህ ነው?»

«አንቺ አይደለሽ እንዴ—»

«ሂድ ውጣ! ሳይሸጥብን ሩጥ!»

ቦርሳውንም ሳያነሣ ወጣ። እሷ መለኪያ ሜትሩ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ በሩ ድረስ ተከተለችው፣ ጎረቤት ሁሉ እስኪሰማ ጮኸችበት።

«ክፍል ሦስት እንዳለውም ጠይቀው!»