ክር አቃጣዩ ጎረቤቴ

ናይሎንን እንደ ሌባ የሚጠረጥር ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ነቀምቴ ገበያ ጭነት የሚያወርዱ ኦቦ ገመቹ የሚባሉ ጎረቤት አሉኝ። ልብስ ካዩ ክር መዝዘው በክብሪት ይለኩሳሉ። ከቀለጠ ናይሎን ነው፤ «የሚቀልጥ የሚለብስ ሰው ቃሉም ይቀልጣል» ይላሉ።

ልጃቸውን ሊያጭ የመጣ የጉቴ ከተማ ሹፌር ካፖርት ሲያበረክትላቸው ሽማግሌዎቹ ፊት ክሩን ለኮሱት። ቀለጠ። ልጅቷ አንገቷን ደፋች።

«ናይሎን ነው» አሉ ኦቦ ገመቹ።

«ኤዬ አባኮ፣ አዎ ናይሎን ነው፤ አውቄ ነው የገዛሁት» አለ ሹፌሩ። «ዝናብ ላይ ሲሸከሙ ጥጥ ውሃ ጠጥቶ ይከብድዎታል።»

ካፖርቱን ለበሱ፤ ልጃቸውንም ዳሩለት። ክረምቱን ሳይበሰብሱ ከረሙ። አማቻቸውን ግን እስከ ዛሬ አላመኑትም።

«ናይሎኑን አዎ ናይሎን ነው ብሎ የሚናገር ሰው፣ ሌላ ምን ቢደብቅ ነው?» ይሉኛል።