የወይዘሮ እታፈራሁ ግማሽ ፍሬ

ሕልም የሌሊት ነው ያለው ማን እንደሆነ አላውቅም። ወይዘሮ እታፈራሁ ያንን ጉደኛ ሕልማቸውን ያዩት ትናንት ረፋዱ ላይ፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ ከአንድ ሆስፒታል የምርመራ ክፍል ደጃፍ፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው። ተራቸውን ሲጠብቁ እንቅልፍ ጣላቸው። እንቅልፉ እንኳ አዲስ አይደለም፤ ከዓመት ወዲህ ቁጭ ባሉበት ይደፋቸዋል። ብርዱም እንደዚያው ነው። ግን ደብረ ብርሃን ላይ በረደኝ ለሚል ሰው ማን ያዝንለታል? ሁሉም በርዶታል።

ሕመማቸው የታይሮይድ ነው። አንገታቸው ሥር ያለችው ዕጢ ሥራዋን ትታለች ተባሉና፣ በእሷ ፈንታ የሚሠራ ኪኒን ታዘዘላቸው፤ ጧት ጧት በባዶ ሆድ፣ አንድ ፍሬ። ከሦስት ወር በፊት ደም ሰጥተው ውጤቱ ሲመጣ ቲኤስኤች የሚባለው ቁጥር ዘጠኝ ሆኖ ተገኘ። ከአራት ግድም ማለፍ አልነበረበትም። ዶክተር ናሁሰናይ፣ ገና ጢሙ በቅጡ ያልበቀለ ልጅ፣ ወረቀቱን አየና፣ "ቁጥሩ ከፍ ብሏል እማማ፤ ስለዚህ መድኃኒቱን ከፍ እናደርገዋለን" አላቸው። ሌላም ብዙ ነገር አስረዳቸው። እሳቸው "እሺ ዶክተር" አሉ።

እሺ ይበሉ እንጂ ነገሩ አላማራቸውም። ወይዘሮ እታፈራሁ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የውኃ ቆጣሪ አንባቢ ነበሩ። ከበር በር እየዞሩ የሰው ቆጣሪ ሲያነቡ ነው ያረጁት፤ በዚያ ሥራ ደግሞ ሕጉ አንድ ነው፤ ቁጥር ከወጣ ቧንቧ ይዘጋል። ቁጥሩ ወጥቶ ሳለ ቧንቧውን ክፈቱት የሚል ሰው ካለ እሱ ጸበል ነው የሚያስፈልገው። "ልጁ ተሳስቷል" አሉ በሆዳቸው። "ግን ነርሷ እዚያው ቆማ እያየች ዶክተር ተሳስተሃል ይባላል? ነውር ነው።" ቤታቸው ሲገቡ ያንን መጠኑ የተጨመረውን አዲሱን ኪኒን በቢላ ለሁለት ከፈሉት። ልጁንም አላሳፈሩት፣ ራሳቸውንም ያዳኑ መሰላቸው። ሦስት ወር ሙሉ ግማሽ ግማሽ ፍሬ ዋጡ፤ ለማንም ትንፍሽ አላሉም።

ትናንት ጧት አዲሱን ውጤት ተቀበሉ። ሃያ ሁለት! ከጎኑም ወደ ላይ የሚያሳይ ቀስት ተደርጎበታል። ክው አሉ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይኼ ነው። ጎረቤታቸው እማማ ትርንጎ፣ "ቁጥሩ እየወጣ ከሄደ መጨረሻው ቢላ ነው፤ አንገት ይቀደዳል" ብለው አስፈራርተዋቸው ነበር። አሁን ያ ቢላ ፊታቸው ላይ ድቅን አለባቸው። ስለ ግማሹ ፍሬ ለዶክተሩ ልንገረው ወይስ ሆድ ይፍጀው እያሉ ከራሳቸው ጋር ሲሟገቱ፣ እንቅልፍ ጣላቸውና አጠገባቸው በተቀመጡት ባለጋቢ ሽማግሌ፣ በጋሽ ደምሰው ትከሻ ላይ ጋደም አሉ። ሰውየውም ጨዋ ናቸው፣ አልተነቃነቁም።

በሕልማቸው ቤታቸው ነበሩ። በር ተንኳኳ። ቢከፍቱ ቆጣሪ ነው፤ የውኃ ቆጣሪ፣ ኮፍያ ያደረገ፣ ቦርሳ በትከሻው ያንጠለጠለ፣ በሁለት እግሩ የቆመ።

"ለንባብ ነው የመጣሁት" አለ ቆጣሪው። "አንገትዎን ይክፈቱልኝ።"

"አንገቴን? ምን ሲደረግ!"

"ዕድሜዎን ሙሉ እኛን ሲያነቡ ኖሩ፤ አንድ ቀን እኛ ብናነብዎት ምን አለበት?"

እውነትም ምን አለበት ብለው ነጠላቸውን ገለጥ አደረጉለት። ቆጣሪው ባትሪ አብርቶ አንገታቸውን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። "ሃያ ሁለት! አይ ወይዘሮ፣ ይኼማ ዛሬውኑ ይዘጋል!" አለና ከቦርሳው ትልቅ የቧንቧ መፍቻ መዠረጠ። ወይዘሮ እታፈራሁ ጫማቸውን እንኳ ሳያደርጉ እግሬ አውጪኝ አሉ።

መንገድ ላይ ጋሪ አገኙ። ፈረሱ አለንጋ ይዞ ከላይ ተቀምጧል፤ ባለጋሪው ከፊት ሆኖ ይጎትታል።

"ወዴት ነዎት እማማ?" አለ ፈረሱ።

"ሆስፒታል! ቶሎ በል፣ ቆጣሪ እያባረረኝ ነው!"

"ይውጡ። ቶሎ እንኳ አይሄድም፤ ዛሬ ገብሱን አልበላም" አለና በአለንጋው ባለጋሪውን ጠቆመ። ባለጋሪው አሽካካ።

እየሄዱ ፈረሱ ዞር አለና፣ "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰሙም?" አላቸው።

"አንተን ማን ጠየቀህ? መንገድህን እይ!" ብለው አፉን አስያዙት።

የሆስፒታሉ በር ላይ ገቢ ወጪው ጥበቃዎቹን ይፈትሻል። ውስጥ ሲገቡ ደግሞ ጉድ ፈልቷል። ሕመምተኞቹ ነጭ ጋወን ለብሰው እየተንጎራደዱ ሻይ ይጠጣሉ፤ ሐኪሞቹ ጋቢ ተከናንበው፣ ምሳቸውን በፌስታል ቋጥረው፣ ወንበሩ ላይ ተደርድረዋል። አንድ ፕሮፌሰር ከአንድ ስፔሻሊስት ጋር "እኔ ነኝ የቀደምኩ፣ ከእሳቸው ኋላ ነኝ ብዬ ሄጄ ነው!" እየተባባሉ ይነታረካሉ። ላቦራቶሪው ውስጥ ትንኞች ጓንት አድርገው ደም ይቀዳሉ፤ እጃቸው ቀላል ነው ተብሎ ተመስክሮላቸዋል። ግድግዳው ላይ የተለጠፈ የሐኪም ማዘዣ አዩ። ወይ ጉድ፣ ጽሕፈቱ ይነበባል!

"ዶክተር እታፈራሁ! የት ጠፍተው ነው?" አለች አንዲት ነርስ፤ ጋወን አልብሳ ጠረጴዛ ኋላ አስቀመጠቻቸው። የመጀመሪያው ሕመምተኛ ገባ። ዶክተር ናሁሰናይ ነው፤ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ይንቀጠቀጣል።

"ምንህን ነው ልጄ?"

"እንዲያው ድክም ይለኛል እማማ። ይበርደኛል። ቁጭ ባልኩበት ያንቀላፋኛል።"

ወረቀቱን ተቀብለው አዩ። ሃያ ሁለት።

"መድኃኒቱን በደንብ ትውጣለህ?"

"እሺ እማማ።"

"እሺ ምን ማለት ነው? ትውጣለህ ወይስ አትውጥም?"

"እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ።"

"ኧረ በስመ አብ! ስንት ፍሬ ትውጣለህ ነው የምልህ?"

"እርስዎ እንዳሉኝ።"

"እኔ ምን አልኩህ?"

"እሺ።"

ወይዘሮ እታፈራሁ ደማቸው ፈላ። ሰው እንዴት የገዛ ሐኪሙን እንዲህ ያንገላታል? ምን ያህል እንደሚውጥ ካልተናገረ ምኑን ከምን አድርገው ያክሙት? በግምት ቢጨምሩለት በዝቶ ልቡን ያስመታዋል፤ ቢተዉት ደግሞ እንዲሁ ሲያንቀላፋ ይከርማል። ጠረጴዛውን በጡጫ መቱት።

"አፍህን ክፈት!"

ከፈተ። ባትሪ አብርተው ጉሮሮውን ሲያዩ ውስጡ ትንሽ ክፍል አለች፤ ክፍሏ ውስጥ አንዲት ሴትዮ ፍራሽ ላይ ተዘርራ ታንኮራፋለች። ዕጢዋ ነች። ከላይ፣ በጭንቅላቱ በኩል፣ አንድ አለቃ በመስኮት ብቅ ብሎ "ሥራ! ተነሺ! ሥራ!" እያለ ይጮህባታል። እሷ እቴ፣ ገልበጥ ብላ ትተኛለች። እሷ ዝም ባለች ቁጥር እሱ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ እሱ ድምፁን ከፍ ባደረገ ቁጥር ግድግዳው ላይ ያለው ቁጥር ይወጣል። ሃያ፣ ሃያ አንድ፣ ሃያ ሁለት።

"ምን ያስጮህሃል አንተ? ሰው ይተኛ እንጂ!" አሉት።

"ምን ላድርግ እማማ!" አለ አለቃው፤ ድምፁ ሰልሏል። "እሷ አትሠራም። በእሷ ፈንታ የሚሠራ ኪኒን ይመጣል ብዬ ብጠብቅ ግማሽ ሆኖ ይመጣል። ሙሉው ፍሬ ቢመጣ እኔስ ዝም ብዬ አርፌ አልቀመጥም ነበር? እዚያ ወረቀት ላይ የሚጻፈው እኮ የኔ ጩኸት ነው!"

ይህን ነገር የሆነ ቦታ ሰምተውታል። ማን ነበር የነገራቸው? ገና ሲያስታውሱ በሩ ተበረገደና ያ ቆጣሪ መፍቻውን ይዞ ገባ። ፈረሱም ተከትሎታል፤ ትንኞቹም ፕሮፌሰሩም ከኋላ ይጋፋሉ።

"ቁጥሩ ወጥቷል፣ ይዘጋ!" አለ ቆጣሪው። "ሕጉ የራስዎ ሕግ ነው፣ ወይዘሮ!"

ሁሉም ባንድ ድምፅ "ይዘጋ! ይዘጋ!" አሉ። ቀዝቃዛው ብረት አንገታቸው ላይ አረፈ።

"አትዝጋ!" ብለው ጮኹ ወይዘሮ እታፈራሁ። "የወጣው ስላነሰ ነው! ግማሽ ነው የምውጠው! ግማሽ!"

ሲነቁ ተራ ጠባቂው ሁሉ ዐይኑን እሳቸው ላይ ተክሏል። ጋሽ ደምሰው "አይዞዎት እናቴ፣ ቅዠት ነው" ይላሉ። ነርሷ በሩን ይዛ፣ "እማማ፣ እርስዎን እኮ ነው የምጠራው፤ ይግቡ" አለቻቸው።

ዶክተር ናሁሰናይ ወረቀቱን ፊቱ ዘርግቶ ግንባሩን ቋጥሯል። "ግራ ገባኝ እማማ። ጨምረንልዎት እያለ ይኼ ቁጥር ጭራሽ ባሰበት። እንግዲህ አሁንም በደንብ መጨመር ሊኖርብን ነው" አለና እስክሪብቶውን አነሳ።

የለመዷት "እሺ ዶክተር" ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። እጃቸውን ዘርግተው እስክሪብቶውን ያዙት።

"ቆይ ልጄ፣ አትጻፍ! ግማሽ ነው የምውጠው።"

"የምን ግማሽ?"

ሁሉንም ነገሩት፤ ቆጣሪውን፣ ቢላውን፣ ልጁ ተሳስቷል ማለታቸውን ሳይቀር። ይቆጣኛል ብለው አንገታቸውን ደፍተው ጠበቁ። ልጁ ግን ወንበሩ ላይ ወደኋላ ተለጠጠና ረጅም ትንፋሽ አወጣ።

"ተመስገን!" አለ። "እኔ ደግሞ ምን ሌላ ነገር ተደርቦባቸው ነው እያልኩ እጨነቃለሁ! ይስሙኝ እማማ፤ ይኼ ቁጥር ዕጢዋ የምትሠራውን አይደለም የሚለካው። አንጎል ዕጢዋን ሥሪ እያለ የሚያዝበት ነው። መድኃኒቱ ሲያንስ ይወጣል፣ ሲበዛ ይወርዳል። እንደ ውኃ ቆጣሪ አይደለም፣ ግልብጥ ነው። ባለፈውም ነግሬዎት እሺ ብለውኝ ነበር እኮ።"

"ስላልገባኝ ነው እሺ ያልኩህ።"

ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ገና ዋናው ጭንቀት ሆዳቸው ውስጥ ነበር።

"ታዲያ ቢላውስ?"

"የምን ቢላ?"

"አንገቴ አይቀደድም?"

"ለዚህ? ኧረ በጭራሽ! ማን አለዎት?"

"ጎረቤቴ፣ ትርንጎ።"

"ሐኪም ናቸው?"

"የበግ ነጋዴ ናት።"

በዚህ ጊዜ ሁለቱም እኩል ሳቁ፤ ወይዘሮ እታፈራሁ እስኪያለቅሱ ድረስ። እፎይ ሲሉ ከትከሻቸው ላይ አንድ ኩንታል የወረደ መሰላቸው። ዶክተሩ መጠኑን አልጨመረም፣ ባለበት ተወው። "ሙሉ ፍሬ፣ ጧት፣ እህል ሳይቀምሱ፣ በውኃ ብቻ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ደም ሰጥተው እናያለን። በመሐል ልብዎ ድው ድው ካለ ቀጠሮ አይጠብቁ፣ ይምጡ። የታዘዘልዎት ነገር ካላማረዎት ደግሞ እዚሁ ይሟገቱኝ እንጂ ቤት ሄደው በቢላ አይፍረዱብኝ።"

"በል አታስበው፣ ከእንግዲህ ሙግት ይበዛብሃል" አሉት፤ መርቀውትም ወጡ።

የዚያ ክፍል በር ገጥሞ አይዘጋም፤ ውጭ ያለው ሰው ሁሉንም ሰምቷል። ጋሽ ደምሰው ብድግ ብለው ወደ ጆሯቸው ጠጋ አሉ።

"ተቆጣ?"

"አልተቆጣም።"

"እንዲያ ግማሽ እየዋጡ ከርመው?"

"አልተቆጣም አልኩ እኮ። እንዲያውም ተመስገን ነው ያለው።"

ጋሽ ደምሰው ግራ ቀኝ አዩ። ከዚያ ከጋቢያቸው ሥር አንድ የኪኒን ካርቶን አወጡ፤ ማሸጊያው ገና አልተነካም። አቧራውን በመዳፋቸው ጠረግ አደረጉና፣ ስማቸው ሳይጠራ ዘው ብለው ገቡ።