ባንክ ቤት አማላጅ የላኩት ጋሼ ዘመዴ

በሰው አገር የኖረ ሁሉ፣ ባንክን እንደ አጎቱ የሚያይ አንድ ሰው ያውቃል። አላውቅም የሚል ካለ፣ ሰውየው ራሱ ነው። የእኛው ክቡር ጋሼ ዘመዴ ይባላሉ። ስሙን ያወጣንላቸው ከአውቶቡስ ሹፌር እስከ ትራፊክ ፖሊስ ያገኙትን ሁሉ «ዘመዴ» ስለሚሉ ነው።

ጋሼ ዘመዴ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ይተኩሳሉ። የዛሬ ስንት ዓመት ከባንክ ተበደሩ፤ ዋሳቸው እኔ ነኝ። በብድሩ ሰፋ ያለ ቤት ተከራዩና፣ ድሮ በነበረቻቸው አንዲት ታጣፊ አልጋ ላይ ሌሎች ጨማምረው ቤቱን የጦር ሰፈር አስመሰሉት። አገሩን አዲስ የረገጠ ሁሉ ሥራ እስኪያገኝ እሳቸው ዘንድ ያርፋል። ልክፈል ካላቸው ይቆጣሉ። «ዘመድ ለዘመድ ይከፍላል እንዴ?»

ይህን ሕግ ባንኩ ላይም ሳይሠሩበት አልቀሩም። ሆቴሉ የሥራ ሰዓታቸውን ሲቀንስባቸው ክፍያው ቆመ። ሌላ ሰው ቢሆን ስልኩን ይዘጋል፣ ሰፈር ይቀይራል። እሳቸው ግን ከባንክ ሲደወል ሮጠው ያነሳሉ። የደዋይዋን ጤና፣ የእናቷን ወገብ፣ የወንድሟን ፈተና ሳይጠይቁ ስለ ገንዘብ ማውራት ነውር ነው። የእናትየው ወገብ ተወርቶ ሳያልቅ የልጅቷ የሥራ ሰዓት ያልቃል።

«ታዲያ መቼ እከፍላለሁ አሏት?» እላለሁ።

«አንተ ደግሞ! ልጅቷ እናቷ ታመውባታል እኮ!»

አንድ ቀን ግን ልጅቷ ቆረጠች። እስከ ዓርብ ካልተስማማን ጉዳዩ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ ከእሳቸውም ከዋሳቸውም ደሞዝ ይቆረጣል። እኔ ደሞዜን በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ። ጋሼ ዘመዴ ግን ነገሩ ወለል ብሎ ታያቸው።

«ተቀይመዋል ማለት ነው። አማላጅ እንልካለን።»

ላኩ! ጡረታ የወጡት መምህር፣ ፀጉር አስተካካዩና እኔ ሙሉ ልብሳችንን ግጥም አድርገን ባንክ ገባን። ተበዳሪው ከኋላችን አንገታቸውን ደፍተዋል። መምህሩ ልጅቷ ፊት ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ ምልጃ በራስ ቋንቋ ካልሆነ አያምርም ብለው በአማርኛ ጀመሩ። ስለ ሰው ልጅ ድካም፣ ስለ ምሕረት ታላቅነት ሲያወርዱት ከኋላ የተሰለፉት ደንበኞች ጭምር አንገታቸውን አሰገጉ።

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። «ምን አሉ?»

«አጥፍቷል፣ ማሩት ነው የሚሉት።»

«ማን ተቀየመ?»

«ባንኩ።»

ሳቋን በሳል አድበሰበሰችው። «ባንኩ አልተቀየመም። ወርሃዊውን ቀንሼ ጊዜውን ላራዝምላቸው እችላለሁ። ዋሱ ግን እንደገና መፈረም አለበት።»

ሽማግሌ ሁሉ ዓይኑን እኔ ላይ ተከለ። የጋሼ ዘመዴ ፈገግታ ከፊታቸው ሲጠፋ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን አየሁ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «እንዳትፈርም» አሉኝ። «አንተ የልጆች አባት ነህ። እኔ አልጋዎቹን እሸጣቸዋለሁ።»

«የትኞቹን?»

«ሁሉንም። በሩ ሥር ያለችውን አሮጌዋንም።»

እስክሪብቶውን ከልጅቷ እጅ መንጠቅ በማይባል፣ መቀበልም በማይባል አኳኋን ወስጄ ፈረምኩ። ስንወጣ ጋሼ ዘመዴ ጎኔን ጎሸም አድርገው፣ «አየህ? ዘመድ ነው አላልኩህም?» አሉኝ። ስለ ባንኩ መሆኑ ነው።

እስከ ቤታቸው እየተነጫነጭኩ ሸኘኋቸው። በሩ ሥር ያለችው አልጋ እግር የማታስዘረጋ፣ በተገላበጡ ቁጥር የምትጮህ ክፉ አልጋ ናት። አገሩን የረገጥኩ ሰሞን የተኛሁት እሷ ላይ ነው። ዛሬም ሌላ ሰው ተኝቶባት ሳይ ቅር ይለኛል።