አንደኛዋ ከብቃት መዝገብ ትውጣልኝ

በዛሬው ዕለት ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ መስታወት፣ ከተገጠመበት ጊዜ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በእርጥብ ጨርቅ መወልወሉን ስናበስር የሚሰማን ኩራት ከፍ ያለ ነው። ሥራው የተከናወነው በጽዳት ሠራተኛዋ እጅ፣ በሰው ኃይል ኃላፊው የቅርብ ክትትልና አመራር ሰጪነት ነው። ኃላፊው ጨርቁ ወደ ቀኝ ይሂድ ሲሉ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ሲሉ ወደ ግራ ሄዷል። ከዚያም የሰሌዳው ቁልፍ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሲፈለግ ቆይቶ በራሳቸው በኃላፊው ኪስ ተገኘና፣ የአሥራ ሁለት አዳዲስ መምህራን የቅጥር ውጤት ተለጠፈ።

መስታወቱ ባይወለወል ይሻል ነበር። ሰፈሩ ሁሉ «ምሁሩ» እያለ የሚጠራው ሰው አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ሲያነብ፣ ራሱን ወለል ብሎ በሚታይ ጽሑፍ አሥረኛ ሆኖ አገኘው።

ዝርዝሩ ላይ ስም የለም። ጽሕፈት ቤቱ ከአድልዎ የጸዳ ስለሆነ ሰውን ሁሉ የሚያውቀው በፈተና ቁጥሩ ነው። ከላይ «በብቃት» የሚል ርዕስ አለ፤ ከሥሩ ዘጠኝ ቁጥሮች። ቀጥሎ «በልዩ ድጋፍ» ይላል፤ ከሥሩ ሦስት ቁጥሮች። እነዚህ ሦስቱ መንገድ ባልደረሰበት ገጠር ተምረው ላደጉ የተያዙ ቦታዎች ናቸው። ከሁሉም ግርጌ፣ «ተጠባባቂ» በሚለው ርዕስ ሥር፣ አውቶቡስ ላይ እንደተረሳ ጃንጥላ፣ የምሁሩ ቁጥር ብቻውን ተጋድሟል። ሰባ ዘጠኝ ነጥብ።

ምሁሩ ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ወዲህ ባሉት አራት ዓመታት ምንም አልነበረውም የሚሉ አሉ፤ ሐሰት ነው፤ አስተያየት ነበረው። ባለቤቱ ከጽሕፈት ቤቱ ማዶ ባለችው የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሱቅ ቆማ ስትውል፣ እሱ አጠገቧ ካለው ፀጉር አስተካካይ ዘንድ ተቀምጦ አስተያየት ሲሰጥ ይውላል። ሰባ ዘጠኝ ያመጣውም በስንፍና እንዳይመስላችሁ። አሥራ አራተኛው ጥያቄ አቀራረቡ አላረካውም። ስለዚህ ከአራቱ ምርጫዎች አንዱን እንደ ተራ ሰው ከማክበብ ይልቅ፣ በኅዳጉ ላይ ስለ ጥያቄው ድክመት ጥልቅ ትችት ሲጽፍ ቆይቶ ቀና ሲል ሰዓቱ አልቋል። መልሱን የሚያርመው ማሽን ደግሞ ትችት አያነብም። ፈተናው በተሰጠበት ቅዳሜ ባለቤቱ እንኳን «አይዞህ» ልትለው ቤት አልነበረችም፤ አክስቴን ልጠይቅ ብላ፣ ያቺን አረንጓዴ ሸሚዟን ለብሳ በጠዋት ወጥታ ነበር።

ምሁሩ ዝርዝሩን አራት ጊዜ ካነበበ በኋላ አንዲት ኮከብ አየ። ኮከቧ ያለችው አንደኛ ከወጣው ቁጥር አጠገብ ነው። ከገጹ ሥር ደግሞ በደቃቅ ጽሑፍ፣ «ለልዩ ድጋፍ የምትበቃ፣ በውጤቷ ግን በብቃት የተመደበች» ይላል። ምሁሩ ልቡ ደነገጠ። ከዚያም በደስታ ፈካ። ቀጥ ብሎ የሰው ኃይል ኃላፊው ቢሮ ገባ።

«አንደኛዋ የድጋፍ ተወዳዳሪ ናቸው?»

«ናቸው።»

«ታዲያ ብቃት መዝገብ ውስጥ ምን ይሠራሉ?»

ኃላፊው መነጽራቸውን አወለቁ። «ዘጠና አንድ አመጡ።»

«እሱን አልጠየቅኩም።»

«እኔም ሌላ መልስ የለኝም። መመሪያው፣ አንቀጽ ሰባት፣ ከፍ ያለ ውጤት ያመጣ ሰው ከየትም ይምጣ በብቃት ይመደባል ይላል።»

«አንቀጽ ስምንትስ?»

ኃላፊው በአገልግሎት ዘመናቸው አንቀጽ ስምንት ድረስ ዘልቀው አያውቁም ነበር። ተጎራብተው ተቀምጠው አነበቡት። «በቅጹ ላይ ልዩ ድጋፍ የጠየቀ ተወዳዳሪ በልዩ ድጋፍ መዝገብ ብቻ ይመደባል» ይላል። ሁለቱ አንቀጾች አንድ ገጽ ላይ ሳይተዋወቁ አሥራ አንድ ዓመት በሰላም ኖረዋል።

«ወንድሜ፣» አሉ ኃላፊው መመሪያውን ቀስ ብለው እየዘጉ፣ «ይኼን ገጽ ባንከፍተው ምን ነበረበት?»

ምሁሩ ግን ከፍቶታል። ሂሳቡ ቀላል ነው፤ አንደኛዋ ወደ ድጋፍ መዝገብ ከተዛወረች ብቃት መዝገብ ላይ አንድ ቦታ ይለቀቃል፤ አሥረኛው ዘጠነኛ ይሆናል፤ ዘጠነኛው ደግሞ መምህር ይሆናል። ይህ የግል ጥቅም ነው የሚል ቢኖር፣ ምሁሩ በዚያው ዕለት ፀጉር ቤት ውስጥ አንድ ደንበኛ ግማሽ ራሱ ተቆርጦ እስኪጠብቅ ድረስ ባደረገው ንግግር፣ ጉዳዩ የመርህ መሆኑን በማያሻማ ቋንቋ አስረድቷል።

«ብቃት ይከበር ነው የምልህ!»

«ይከበር፣» አለ ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን ይዞ። «ግን አንደኛ የወጣችው እሷ አይደለችም እንዴ?»

«አንተ ፀጉርህን ቁረጥ።»

በማግስቱ ለፍርድ ቤት የሚያቀርበውን አቤቱታ ሊያስጽፍ ወደ ባለቤቱ ሱቅ ሄደ። ከኮፒ ማሽኑ ኋላ ግድግዳው ላይ የመምህርነት ዲፕሎማዋ ተሰቅሏል፤ የማሽኑ ሙቀት ጠርዙን ትንሽ አጥፎታል። ምሁሩ ይህን ዲፕሎማ እንደ ግድግዳው ቀለም ስለለመደው አያየውም። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ጀመረ።

«ጻፊ። ብቃት የትምህርት ምሰሶ ነው። ምሰሶ ሲነካ ጣሪያ ይወርዳል። ድጋፍ የሚሻ ሰው ይደገፍ፤ ነገር ግን ድጋፍ ብቃትን የሚተካበት ዘመን . . . ጻፍሽ?»

«ዘመን ላይ ነኝ።»

«ማብቃት አለበት። ስለሆነም፣ በብቃት አንደኛ የወጣችው ተወዳዳሪ ከብቃት መዝገብ ትውጣልኝ።»

ጣቶቿ ቆሙ። «እንዲህ ብዬ ልጻፈው?»

«እንዲያውም አድምቂው።»

አደመቀችው። ከዚያ ወንበሯን ወደ እሱ አዞረች። «እኔም እኮ ሁለት ሰዓት በእግሬ እየሄድኩ ነው የተማርኩት።»

«አንቺ ሌላ ነሽ። አንቺ ድጋፍ ስጡኝ ብለሽ አታውቂም።»

ዝም አለች። ምሁሩ ይህን ዝምታ እንደ ስምምነት መዘገበው።

«ቆይ ግን፣» አለች፣ «አንደኛዋ ወደ ድጋፍ ስትዛወር እዚያ ያሉት አራት ሊሆኑ ነው።»

«አይሆኑም። የመጨረሻው ይወጣል።»

«ማነው የመጨረሻው?»

ከኪሱ ብጣሽ ወረቀት አውጥቶ አየ። «አራት መቶ አሥራ ሰባት።»

«አራት መቶ አሥራ ሰባት ሰው አይደለም?»

«ቁጥር ነው፣ የኔ እመቤት። ቁጥር አያለቅስም።»

«እሺ፣» አለች፤ ቀሪውን ጻፈችው። እሱ ሲናገር ያላስተዋላቸውን ሁለት የሰዋስው ግድፈቶችም አርማለታለች።

ክሱ በተሰማበት ቀን ችሎቱ ሞልቶ ነበር፤ ግማሹን የሞሉት ፀጉር አስተካካዩ ሱቁን ዘግቶ ያመጣቸው ደንበኞቹ ናቸው። አንደኛዋ፣ ጉዳዩ የሚነካት በመሆኑ ተጠርታ፣ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ከፊት ተቀምጣለች። ዳኛዋ ፋይሉን ሁለት ጊዜ ገለጡት።

«የሚጠይቁት ብቃት እንዲከበር ነው?»

«አዎ፣ የተከበረው ፍርድ ቤት።»

«እሳቸው ዘጠና አንድ፣ እርስዎ ሰባ ዘጠኝ።»

«ነጥቡ ላይ ክርክር የለኝም።»

«ታዲያ በብቃት ማን ይቀድማል?»

«በብቃትማ እሳቸው ይቀድማሉ። ከብቃት ይውጡልኝ የምለውም ለዚሁ ነው።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ። አንደኛዋ ተነሳች። «እኔ ወዲህም ተባለ ወዲያ መቀጠሬ አይቀርም። ግን አንደኛ ወጥቼ፣ ‹ተደግፋ ገባች› ልባል ነው?»

«እህቴ፣» አለ ምሁሩ በርኅራኄ፣ «ነገሬ ከአንቺ ጋር አይደለም። ከመርህ ጋር ነው።»

«መርህ እዚህ አልመጣም፤ የመጣሁት እኔ ነኝ» አለችና ተቀመጠች።

የጽሕፈት ቤቱ ጠበቃ አንቀጽ ሰባትን አነበቡ። ምሁሩ አንቀጽ ስምንትን አነበበ። ፍርድ ቤቱም ግራ ቀኙን መርምሮ፣ ተወዳዳሪዋ በቅጹ ላይ ድጋፍ በሚለው ሳጥን ውስጥ በእጇ ምልክት ያደረገች መሆኗን፣ ከዚህም በላይ ስምንት ሁልጊዜ ከሰባት በኋላ የሚመጣ መሆኑን ከግንዛቤ አስገብቶ፣ ለምሁሩ ፈረደ። አንደኛዋ ወደ ድጋፍ መዝገብ ትዛወር፤ ቁጥር አራት መቶ አሥራ ሰባት ይሰረዝ፤ አመልካች በብቃት ይቀጠር። በዚህ አኳኋን ብቃት፣ ከሁሉ የበለጠ ብቃት ያላትን ሰው ከመዝገቡ አስወጥቶ፣ ተከበረ።

ምሁሩ ከፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ አጭር ንግግር አደረገ። አጭር ያልነው ዝናብ ስለጀመረ ነው። ከዚያም የፍርዱን ግልባጭ ከዝናብ በጃኬቱ ሸፍኖ፣ ሮጦ ሱቅ ደረሰ።

«አሸነፍን! አምስት ኮፒ አንሺልኝ። አይ፣ አሥር።»

ባለቤቱ ወረቀቱን ተቀበለች። አንብባ ጨረሰችና ማሽኑ ላይ አስተኛችው። ማሽኑ እያንጎራጎረ አሥር ጊዜ ብርሃኑን አመላለሰ። አሥሩን አስተካክላ ደረደረች፤ ከመሳቢያዋ አንዲት ትንሽ ወረቀት አወጣች፤ ከመጀመሪያው ግልባጭ ኋላ አድርጋ በስቴፕለር መታቻት።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«አባሪ።»

ገለጠው። የፈተና መግቢያ ካርድ ነው። በጠርዙ ማኅተም ያረፈበት ጉርድ ፎቶ አለ፤ አረንጓዴ ሸሚዝ የለበሰች ሴት፣ የገዛ ሚስቱ፣ ፈገግ ሳትል ታየዋለች። ከፎቶው ሥር አራት መቶ አሥራ ሰባት ይላል።

ምሁሩ ካርዱን ወደ ብርሃኑ አስጠግቶ ቁጥሩን እንደገና አነበበ።

«አክስትሽ . . .»

«ደህና ናቸው። ሰላም ይሉሃል።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ልንገርህ? አንተ እየተናገርክ ነበር።»

«ስትጽፊው! አቤቱታውን በእጅሽ ስትጽፊው እንኳን . . .»

«ሰው አይደለም ወይ ብዬ ጠይቄህ ነበር።» የማሽኑን ክዳን ዘጋች። «አይዞህ፤ ቁጥር አያለቅስም ብለሃል። አላለቀስኩም።» ቀጥላም ከበሩ ላይ የቆመ ደንበኛ አይታ፣ «አቤት ወንድሜ፣ ስንት ገጽ ነው?» አለች።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሦስት ቀናት ምሁሩ ምንም አስተያየት አልሰጠም። ፀጉር አስተካካዩ ታመመ እንዴ ብሎ ብርቱካን ይዞ መጣ። የቅጥር ደብዳቤው ደረሰ፤ ጠረጴዛው ላይ ሳይከፈት አደረ። ባለቤቱ አላኮረፈችም፤ ብታኮርፍ ይሻለው ነበር። ደብዳቤው እንዳይቆሽሽ አንስታ መደርደሪያው ላይ አኖረችለት፤ ሰኞ ለማስተማር የሚለብሰውን ሸሚዝም ተኩሳ ሰቀለችለት። ከተጣጠፈው ልብስ ሥር ግን፣ መሀረብ ሲፈልግ፣ የራሱን የድሮ የዩኒቨርሲቲ ደብተር አገኘ። በየኅዳጉ ስታጠናበት በእጇ የጻፈቻቸው ትንንሽ ጥያቄዎች አሉ፤ ከያንዳንዱም ሥር መልሱ። አንድም ትችት የለም።

በአራተኛው ቀን ያንን የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ በፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት መስኮት ላይ ቆመ። የያዘው አቤቱታ በእጅ የተጻፈ ነው፤ የሚያስጽፍበት ሱቅ አጥቶ ነው።

«ፍርዱ እንደገና ይታይልኝ ነው የሚለው፣» አለ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ እያነበበ። «ተሸንፈህ ነው?»

«አሸንፌ።»

«ያሸነፈ ሰው እንደገና ይታይልኝ አይልም እኮ።»

«እኔ እላለሁ።»

«አመልካች ማነው?»

«እኔ።»

«ተጠሪስ?»

«እሱም እኔው ነኝ።»

ሠራተኛው ደንቡን አገላብጦ፣ እንዲህ ዓይነቱን መዝገብ የሚከለክል ነገር ስላጣ፣ ማኅተሙን መታበት።

ዳኛዋ ፊት በቀረበ ጊዜ አዳራሹ ካለፈው ይልቅ ሞልቶ ነበር። አንደኛዋ ከፊት አለች። ፀጉር አስተካካዩ አለ። ከበሩ አጠገብ፣ ጣቷ የኮፒ ማሽኑን የቀለም ዱቄት እንደያዘ፣ ወሬውን ሰምታ ሱቋን ለግማሽ ሰዓት የዘጋች ባለቤቱ ቆማለች።

«ባለፈው አንቀጽ ሰባት አይሠራም ብለው ተከራከሩ» አሉ ዳኛዋ።

«ብያለሁ።»

«ዛሬ ደግሞ አንቀጽ ሰባት ይሠራል፣ አንደኛዋ ወደ ብቃት መዝገብ ይመለሱ፣ አራት መቶ አሥራ ሰባት ወደ ቦታዋ ትመለስ ይላሉ።»

«እላለሁ።»

«ይኼ ከሆነ እርስዎ ከሥራው ይወጣሉ።»

«ተጠባባቂ እሆናለሁ። ለምጄዋለሁ።»

አንደኛዋ ከፊት ወንበር ዘወር ብላ አየችው። ፀጉር አስተካካዩ አንገቱን አስግጎ ትልቁን ንግግር ጠበቀ። ዳኛዋ ብዕራቸውን አስቀመጡ።

«ፍርድ ቤቱ በራሱ ላይ የሚከራከር ሰው ገጥሞት አያውቅም። ምን ተገኘ? ምክንያትዎን ያስረዱ።»

በአሥራ አራተኛው ጥያቄ ኅዳግ ላይ ቦታ የጠበበው ያ ሰው፣ ወደ በሩ አንድ ጊዜ ተመለከተ።

«አላስረዳም፣ የተከበረው ፍርድ ቤት።»