በፍልሰታ ወተት የሚጠጡት እንግዳ

ድመት ሲጠሯት ትመጣለች የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ የአንኮበርን ድመት አታውቅም በሉት። የሌላ አገር ድመት ትምጣ፤ እሱን እኔ አላውቅም። የእኛዎቹ ግን የመኳንንት ቤት ድመቶች ናቸው። ንጉሡ ወደ እንጦጦ ከወጡ ወዲህ መኳንንቱም ጋሻቸውን፣ ገንቧቸውን፣ ምንጣፋቸውን ሳይቀር አስጭነው ተከተሏቸው። ድመቱን ያስጫነ ግን አልነበረም። ድመት ደግሞ እንደ ሰው ጌታ ተከትላ አትሄድም። ጣሪያው ቢያፈስ፣ ግድግዳው ቢፈርስ፣ ፍርስራሹ ላይ ቁጭ ብላ ምሳ እስኪቀርብላት ትጠብቃለች።

እኔ ወልዴ እባላለሁ። ከበግ ጠጉር ባና፣ የብርድ ልብስ፣ የምሠራ ሸማኔ ነኝ። ግንባሬ ላይ ያለውን ጠባሳ የሚያይ ሰው ዘማች እመስለዋለሁ፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። ደብረ ብርሃን ተወልጄ፣ እጄንም እዚያው ፈትቼ፣ አንኮበር የመጣሁት ብርዱን ብዬ ነው። ሌላው ከብርድ ይሸሻል፤ እኔ ከብርድ እበላለሁ። ስለ ሥራዬ ብዙ መናገር አልወድም። ብቻ የእኔን ባና የለበሰ ሰው ጣርማ በር ላይ ቆሞ ነፋሱን «በርታ እንጂ» ይለዋል። ይህን የሚናገሩት የለበሱት ናቸው። እሺ፣ አንዳንዴ እኔም እናገራለሁ።

ያን ክረምት የምኖረው ከእመት አስካለ ግቢ ጥግ ባለች ጎጆ ነበር። በሯ በጣም ዝቅ ያለች ናት፤ ጎንበስ ብለህ ተጣጥፈህ ነው የምትገባው። እመት አስካለ ባለግቢዋ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ግቢውን ብቻቸውን ቀጥ አድርገው የያዙ ሴት ናቸው። ሁለት ኩራት ነበራቸው። አንደኛው፣ ከደጃቸው ቆሞ «የእግዜር እንግዳ» ያለ ሰው ተመልሶ አለማወቁ ነው። መቼም ታውቁታላችሁ። የመሸበት መንገደኛ ደጅ ላይ ሆኖ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ይላል፤ ከውስጥ «ይግቡ» ይባላል፤ አለቀ። ማን ነህ፣ ከየት መጣህ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። በሉ የምር፣ ከዚህ የሚበልጥ ሕግ ያለው አገር አለ?

ሁለተኛው ኩራታቸው ድመት ነው። ማለቴ፣ የድመት አለመኖር። አንድ ዓመት የፋሲካ ዋዜማ ለጾም መፍቻ ያኖሩትን ቅቤ ድመት ገብታበት ነበርና፣ ሁለት ወር ሙሉ የጾመ ቤተሰብ ጾሙን በደረቅ ወጥ ፈታ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ግቢ ድመት ያስገባ ሰው ከነድመቱ ይወጣል ብለው ቆረጡ። ጎጆዋን ሲሰጡኝም መጀመሪያ ያስጠነቀቁኝ ይህንኑ ነው። እመት አስካለ ያሉትን የሚያደርጉ ሴት ናቸው። ሸማኔ ደግሞ በክረምት ከቤት ወጣ ማለት አለቀለት ማለት ነው። እግሩን ከትቶ የሚሸምንበትን ጉድጓድ ተሸክሞ አይሄድ ነገር። የጀመረው ባና ዝናብ ይበላዋል፣ እሱን ደግሞ ብርዱ።

ታዲያ ሐምሌ ውስጥ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በረዶ ወረደ። የአንኮበርን በረዶ ታውቁታላችሁ፤ አያንኳኳም፣ ይደበድባል። ከጎጆዬ ክዳን ጠርዝ ሥር አንድ ድመት ተቀምጧል። ረጥቦ አጥንቱ ተቆጥሯል፤ ይንቀጠቀጣል፤ አንገቱን ግን ቀና አድርጓል። አንጀቴን በላው። «ውርዬ፣ ውርዬ» አልኩ፤ ዞርም አላለ። «ና» አልኩ፤ ጀርባውን ሰጠኝ። ምናልባት ሴት ብትሆን ብዬ «ነይ» አልኩ፤ ጭራሽ ዓይኗን ጨፈነች። በረዶው ጀርባዋ ላይ ይነጥራል። ልትሞት ነው። ተናደድኩና፣ ለቀልድ ያህል፣ እጄን አጣጥፌ ጎንበስ ብዬ «ጌታዬ፣ ይግቡ እንጂ» አልኩ።

ተነሥተው ገቡ።

አትሳቁ። ቀጥ ብለው ገብተው፣ የነደፍኩት የበግ ጠጉር ክምር ላይ ወጥተው፣ ሁለት ጊዜ ዞረው ተኙ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አንቱ ሆኑ። እኔም እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። ሸማኔ ነኝ። ከተወለድኩ ጀምሮ ሰው ሁሉ «አንተ» ነው የሚለኝ። ባናውን የሚለብሰው አንቱ ነው፤ የሠራው አንተ ነው። በቤቴ አንቱ የሚባል ሰው አድሮ አያውቅም ነበር። አሁን አንድ አገኘሁ። ጎጆዋ ራሷ ከፍ ያለች መሰለችኝ።

አንቱ ማለት እኮ ቀላል ነገር አይደለም። ሰላ ድንጋይ አንድ አጎት ነበረኝ፤ ሚስቱን ሁልጊዜ አንቺ ነው የሚላት። የተጣሉ ቀን ብቻ አንቱ ይላታል። «ውኃ ቢሰጡኝ» ያለ እንደሆነ ጎረቤት ሁሉ ሽማግሌ ፍለጋ ይሮጣል። እሷም የዋዛ አልነበረችም፤ «እጅዎ አልተሰበረም» ትለዋለች። ሲታረቁ አንተና አንቺ ይሆናሉ፣ መንደሩም ይተኛል። ምን ልል ነበር? አዎ፣ ግድግዳው።

የጎጆዬ ግድግዳ ከእመት አስካለ ማድቤት ጋር የተያያዘ ነው። ጭቃ ነው፤ ማስነጠስ ያሳልፋል። እኔ እየሠራሁ ከእንግዳዬ ጋር አወራለሁ። «በረድዎት?» እላለሁ። «ወደ እሳቱ ጠጋ ይበሉ።» «ዛሬስ ምነው አኮረፉ?» እሳቸው መልስ አይሰጡም፤ ትልቅ ሰው ለሁሉም ነገር አይመልስም። ጉሙ ደግሞ ግቢውን ስለሚሞላው ማን ገባ፣ ማን ወጣ አይታይም። እመት አስካለ ይህን ሁሉ ይሰሙ ኖሯል።

አንድ ጠዋት አስጠሩኝ። አለቀልኝ አልኩ። እሳቸው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንግዳ አለህ ወይ አሉኝ። አሉ እመት፣ በረዶው ያመጣቸው ናቸው አልኩ። ማን ናቸው አላሉም፤ ነውር ነዋ። ብቻ የሚላክላቸውን ምግብ ለማወቅ ያህል፣ በዕድሜ የገፉ ናቸው ወይ ብለው ጠየቁ። ጺማቸው ነጭ ነው አልኩ። የት የኖሩ ናቸው ቢሉኝ፣ መኳንንት ቤት አልኩ። አንዲት ቃል አልዋሸሁም። እስከ ዛሬም የምኮራው በዚህ ነው፤ አክብሬ ተናገርኩ እንጂ አልዋሸሁም።

ከዚያ በኋላ ምግቡ ግድግዳው ላይ ባለች አንዲት ቀዳዳ ይመጣ ጀመር። ሽሮው፣ አጥሚቱ፣ ለሽማግሌ ጥርስ ተብሎ የረሰረሰው ፍትፍት። እንግዳው ሽሮ አይወዱም። የተላከ ምግብ መመለስ ደግሞ ነውር ነው። ስለዚህ የእሳቸውን ድርሻ እኔ በላሁ፤ ያን ክረምት ፊቴ ሞላ። ወተት ሲመጣ ግን ለእኔ ጠብታ አይተርፍም።

ከዚያ ፍልሰታ ገባ። እኔ ጾምኩ። እሳቸው አልጾሙም፤ ከግቢው ወተት ቢቀርም እኔ ከውጭ በድብቅ እየገዛሁ አመጣላቸው ነበር። አንድ ቀን ረስቼ «ወተትዎ ቀዘቀዘ እኮ» ብዬ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ከግድግዳው ማዶ የነበረው የድስት ድምፅ ጸጥ አለ።

ወዲያው አስጠሩኝ። እንግዳው ታመው ነው ወይ አሉ። ደህና ናቸው አልኩ። ታዲያ ፍልሰታ መሆኑን አያውቁም? አያውቁም አልኩ። ጠጋ ብለው በጆሮዬ፣ አልተጠመቁም ወይ ብለው ጠየቁ። አልተጠመቁም አልኩ። እውነት ነዋ፣ ማን ያጠምቃቸዋል? እመት አስካለ ቁልቁል ወደ እስላሞቹ ገበያ፣ ወደ አልዩ አምባ ወደሚወስደው መንገድ አዩ፤ ጉም እንጂ ምንም አይታይም። ገባኝ፤ እንግዳውን ዝናብ ያገደው እስላም ነጋዴ አድርገውታል። አሁን ምግብ መላኩን ይተዉታል ብዬ ስጠብቅ ምን አሉ መሰላችሁ?

«እኔ እስከ ዛሬ ማተብ አይቼ እንግዳ አላበላሁም» አሉ። «አሁንም አላይም። ወተቱ ይመጣል።»

መጣም። ለቅቤ ከሚጠራቀመው ወተት እየተቀነሰ፣ ጠዋትና ማታ መጣ። እውነቴን ነው፣ ያን ቀን የእሳቸው ግቢ ነዋሪ በመሆኔ ኮራሁ። ፈራሁም። ምክንያቱም እመት አስካለ ነገሩን ለማርያም ሴቶች ሁሉ አውርተውታል። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ የሚወራው የእኔ እንግዳ ሆነ። ድመት መሆኑ የታወቀ ቀን መባረሬ ብቻ አይደለም፤ እሳቸውም መሳቂያ ሊሆኑ ነው። እኔ ደግሞ የእመት አስካለን አንገት ከማስደፋ ባናዬን ባቃጥል ይሻለኛል።

ጾሙ ተፈታ። እመት አስካለ ሥጋ ሊያበሉት ፈለጉ። የክርስቲያን ቢላ የነካውን ደግሞ እስላም አይበላም። ስለዚህ ከአልዩ አምባ ጨው የሚያመጣላቸውን ሁሴንን በእስላም እጅ የታረደ ሥጋ እንዲያመጣ ለመኑት። ሁሴን ጨዋ ሰው ነው። ሥጋውን ይዞ መጣ፤ ነገር ግን ወገኔ በሰው አገር ዝናብ አግዶት እያለ ሰላም ሳልለው አልሄድም አለ። አንድ ላይ ወደ ጎጆዬ መጡ። እኔ በሩን ከልዬ ቆምኩ፤ ተኝተዋል አልኩ። እውነት ነው፣ ተኝተዋል። ሁሴን በትከሻዬ ላይ አሻግሮ «አሰላሙ አለይኩም» አለ። መልስ የለም። ሥጋው ግን ሸተተ።

ከጠጉሩ ክምር መጀመሪያ ጆሮ ወጣ። ቀጥሎ ነጩ ጺም። ቀጥለው ራሳቸው ወጡ። ተንጠራርተው፣ በእግሬ መካከል አልፈው፣ ሁሴን ፊት ቁጭ አሉና ምን ይዘህ መጣህ በሚል ዓይን አዩት።

እመት አስካለ ድመቱን አዩ። እኔን አዩ። ደግመው ድመቱን አዩ። ፊታቸው ቀላ። እኔ አንገቴን ደፍቼ፣ ልባረር ነውና የጀመርኩትን ባና ክር ከየት ጀምሬ እንደምቆርጥ አስብ ጀመር። የሰው ድምፅ የሰማሁት ከታች ነው። ሁሴን ተቀምጦ ሥጋ እየቆረሰ ያጎርሳቸዋል።

«ማሻአላህ» አለ። «እመት፣ አልተሳሳቱም። ነቢያችንም እንዲህ ያሉትን ይወዱ ነበር። እውነትም የኛ ወገን ናቸው።»

እመት አስካለ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«የእኔን ወተት የጠጣ እንግዳ ከእኔ ግቢ አይባረርም» አሉ። ወደ እኔ ዞሩና፣ «አንተ፣ ዞር በል፤ እሳቱን ከለልክባቸው» አሉኝ።

ዞር አልኩ። የማርያም ሴቶች እንግዳውን አየሻቸው ወይ ብለው ሲጠይቋቸውም፣ አየኋቸው፣ ጺማቸው ነጭ ነው፣ ነገር አያበዙም፣ ከእሳት ዳር አይርቁም አሉ። አክብሮ ተናግሮ አለመዋሸትን፣ የእኔን ሙያ፣ በአንድ ቀን ለመዱት። ሴቶቹም እንዲህ ያለ ጭምት ሰው ዛሬ የት ይገኛል አሉ።

እዚህ ላይ ባበቃ ጥሩ ነበር። ነገር ግን እሳቸው ሲባል ወንድ ነው ሴት ነው አይታወቅም፤ እኛም ጠይቀን አናውቅም። ጳጉሜ ላይ፣ ካፊያው ገና ሳያባራ፣ ለአንድ ባላባት ሠርቼ ያጠፍኩት ባና ላይ ጺማቸው ነጭ የሆነው እንግዳ ወለዱ። በዚያ ቤት ውስጥ ካለው ልብስ ሁሉ መርጠው ምርጡ ላይ ነው የወለዱት። ሥራ የሚያውቁ ሰው ናቸው።

ደንግጬ እመት አስካለን ጠራኋቸው። ገብተው አዩ። እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ እኔ እዚያ መቆሜን ያወቁት ይመስል ዞር አሉና፣ «አንተ፣ አራስ ቤት ወንድ ምን ይሠራል? ውጣ» አሉ።

ወጣሁ። ምን ይባላል? ድመት ያስገባ ከነድመቱ ይወጣል ያሉት ሴት፣ ድመቱን አስቀርተው እኔን አስወጡኝ። ከክዳኑ ጠርዝ ሥር ተቀመጥኩ፤ ያ ድመት ተቀምጦበት የነበረው ቦታ ነው። ካፊያው ጀርባዬን አገኘው። ባናው አራስ ተኝቶበታል። ከውስጥ፣ ከገዛ ምድጃዬ፣ የገንፎ ማማሰያ ድምፅ መጣ፤ ቀጥሎ ሽታው። ቅቤ ነው። ከዚያ ፋሲካ ወዲህ ከድመት ሲጠበቅ የኖረው የእመት አስካለ ቅቤ ለድመት ይቀልጣል። ሆዴ ጮኸ። ብርዱ አጥንቴ ገባ። ቀኑም ይመሽ ጀመር።

ተነሣሁ። የገዛ ቤቴ ደጅ ላይ ቆሜ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» አልኩ።

ማማሰያው ቆመ። ድምፄን መቼም ያውቁታል። እመት አስካለ ከደጃቸው እንግዳ መልሰው አያውቁም።

«ይግቡ» አሉ።

ሰማችሁ? ግባ አላሉም። ይግቡ አሉ። ከተወለድኩ ጀምሮ አንቱ ስባል ያ የመጀመሪያዬ ነው። ያቺ በር ዝቅ ያለች መሆኗን ነግሬያችኋለሁ፤ ሌላ ቀን ተጣጥፌ ነው የምገባባት። ያን ቀን ግን ደረቴን ነፍቼ፣ ራሴን ቀና አድርጌ፣ እንደ ጌታ ገባሁ።

የግንባሬ ጠባሳ የዚያ ቀን ነው።