አባ ጠምጥም ወለል ሊያሞቁ የዘመቱበት ዜና

በዘመነ ብርድ፣ ቤት መሥራት በጀመሩ በሦስተኛው ዓመት፣ ከኪራይ ቤት ሳይወጡ፣ ከአማታቸውም ሳይለዩ፣ ሥዩመ አማት፣ መዋዔ ብርድ፣ ኃያል በሽቦ ወበፒንሳ፣ ጌታችን አባ ጠምጥም ሙቅ ውኃ የሚዞርበትን የወለል ማሞቂያ ቱቦ ሊዘረጉ ተነሡ። እግራቸው ሞቆ የማያውቀው እሜቴ አማት እንዲህ ሲሉ አስነግረው ነበርና፦

«የበረደው ላልበረደው ይንገር! በአዲሱ ቤት እግሬ ከቀዘቀዘ፣ ጓዜን ጠቅልዬ ታላቁ አማቼ ዘንድ እገባለሁ። እሱ ወንድ ነው!»

ይህች የመጨረሻዋ ቃል የጌታችንን አንጀት አሳረረችው።

ወእምዝ፣ ኮንክሪቱ ከቀትር በኋላ ሊፈስ ተቀጥሮ ሳለ፣ ሠራዊታቸውን አስከትለው ወደ መሠረቱ ወረዱ። በቀኝ የቱቦውን ጥቅል የተሸከመው የሚስታቸው ወንድም፣ በግራ ሽቦ ቆራጯ ወይዘሮ ባለቤታቸው፣ በኋላም እጁን ከኪሱ ሳያወጣ ምክር የሚያዘንበው ጎረቤት ነበሩ። ግንበኛውም፣ «ቱቦው በየስንዝሩ ይታሰር፤ ያኔ ለሁሉም ክፍል ይዳረሳል!» ሲል ደነገገ።

ጌታችን በፌሮው ላይ ተንበርክከው ከእሜቴ ክፍል መጠምጠም ቢጀምሩ፣ እሜቴ ከአፋፉ ወንበር ዘርግተው ሁለተኛ አዋጅ አወጁ፦ «ስንዝር ለጎረቤት ነው! ለእኔ በየአራት ጣቱ!»

ግንበኛው ራሱን ነቀነቀ። ጀግናው ግን ታላቁን አማች አስበው በየአራት ጣቱ አሰሩ። ጉልበታቸው ተላጠ፣ ሱሪያቸው ተተረተረ፣ ወገባቸው እምቢ አለ፤ እሳቸው ወይ ፍንክች። በሳሎን እየሳሱ፣ በልጆች ክፍል እየቆጠቡ ሄደው፣ ለውኃው መመለሻ ከሚሆነው በቀር፣ ቱቦው በገዛ መኝታ ቤታቸው ደፍ ላይ አለቀ። የኮንክሪቱ መኪናም ጡሩምባውን እየነፋ መጣ፤ ያለውን ሁሉ ዘርግፎ ሄደ።

ቤቱ አልቆ ከገቡበት በኋላ፣ የብርዱ ወራት ዳግም በገባ ጊዜ የእሜቴ ክፍል እንደ ምድጃ ሞቀ። ልጆች ብርድ ልብሳቸውን፣ ወይዘሮ ፍራሻቸውን ይዘው ገቡ። ታላቁ አማችም ለጥየቃ መጥቶ፣ ካልሲውን አውልቆ፣ በዚያው ተኝቶ ሰነበተ። ጌታችን ብቻ በመኝታ ቤታቸው ጥርሳቸውን እያንቀጫቀጩ ቆይተው፣ በመጨረሻ ትራሳቸውን አቅፈው ከእሜቴ ደጃፍ ቆሙ። እሜቴም አወጁ፦

«ከእንግዲህ ከዚህ ቤት የምወጣው በሬሳዬ ነው! አንተ ታላቁ፣ ተነሥ፤ ለቤቱ ጌታ ቦታ ልቀቅ! አንተም ግባና በሩን ዝጋ፤ ሙቀቴ ወጣ!»

ክብር ለአባ ጠምጥም፣ አማትን በወለል ለማረኩ፣ ባላንጣን በካልሲው ላስነሡ፣ የገዛ አልጋቸውን ለብርድ ለገበሩ! ስማቸው ኮንክሪቱ እስካለ ይኑር፤ ሙቀቱም አንድ ቀን መኝታ ቤታቸው ይድረስ፤ አሜን።