ስለ ጉልበቴ የጻፍኩት አስቂኝ ግጥም

እኔ ቀልደኛ ሰው ነኝ። ይህን የምላችሁ ለጉራ አይደለም፤ እንድታውቁት ያህል ነው። ነቀምቴ ውስጥ ሃያ ዓመት ሒሳብ ሳስተምር እኔ ክፍል ውስጥ የተኛ ተማሪ የለም። በሒሳብ ሰው ማሳቅ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ያቃተችኝ አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ ባለቤቴ ሌሊሴ።

አስቂኝ ግጥም እጽፋለሁ። ጽፌም አነብላታለሁ። እስከ መጨረሻው ዝም ብላ ታዳምጥና "ጥሩ ነው" ትለኛለች። ጥሩ ነው ምን ማለት ነው? ወጥ ነው እንዴ? በትዳር ዘመናችን አንድም ቀን በግጥሜ ስትስቅ አላየሁም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይሄ ነገር ያንገበግበኛል።

ስለዚህ የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ባኬ ጃማ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ የግጥም ንባብ ሲያዘጋጅ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። ሰው ሁሉ ሲስቅ እሷ ብቻዋን ተኮሳትራ አትቀርም ብዬ ነው። ሳቅ ይጋባል አይደል? ሁለት ግጥም ይዣለሁ፤ አንዱ ስለ ልጅነቴ፣ አንዱ ስለ ጎልማሳነቴ። ሁለቱንም መስታወት ፊት ሞክሬያቸው እኔ ራሴ ስቄያለሁ።

ስለ ልጅነቴ ባለው ጀመርኩ። አንገር ጉቲን ሳለን የጎረቤት ማንጎ እየሰረቅኩ በዝንጀሮ አሳብብ ነበር። ግጥሙ ላይ ዝንጀሮዎቹ ተሰብስበው ሊከሱኝ ይመክራሉ። አንብቤ ጨረስኩና ሳቁን ጠበቅኩ። አዳራሹ በአንድ ድምፅ "አሜን" አለ። መድረኩን የሚመሩት ኦቦ ዋቅጅራ፣ ጡረታ የወጡ መምህርና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ተነሥተው ጥፋቱን በአደባባይ የሚናዘዝ ሰው ዛሬ የት ይገኛል አሉ። የማንጎውን ባለቤት ሄጄ ይቅርታ እንድጠይቅም መከሩኝ። ከፈለግኩ አብረውኝ ሊሄዱ ፈቃደኛ ናቸው።

እኔ በዋዛ እጅ አልሰጥም። ስለ ጎልማሳነቴ ያለውን አወጣሁ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ እንደሚል፣ መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰክቼ ቤቱን ሁሉ እንደማምስ፣ አንድ ነገር ልይዝ ጓዳ ገብቼ ምን ልይዝ እንደገባሁ እንደሚጠፋኝ። አንዲት እናት ከንፈራቸውን መጠጡ። "ጃባዹ ባርሲሳ፣ በርታ መምህር፣ አይዞህ" አሉኝ። አንድ ሰውዬ ደግሞ ያልኩትን ሁሉ ማስታወሻው ላይ ይጽፋል። አድናቂ አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ። ለካ የጸሎት ርዕስ ነው የሚይዘው።

ስጨርስ ወጥተው ከበቡኝና እጅ ጫኑብኝ። ጉልበቴ ላይ ብቻ አራት እጅ ነበር። ምን ልበል? ቀልድ ነው ልበል? ከልቡ የሚጸልይልህን ሰው እንዴት አድርገህ ቀልዴን ነው ትለዋለህ? እኔም አሜን አልኩ። በአንድ ዓይኔ ሌሊሴን ሰረቅ አድርጌ አየኋት፤ እንደ ወትሮዋ ነች። በጣም ከፋኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲሬ ከተማ ያለ ቤተ ክርስቲያን ጠራኝ። ግጥም እንዳነብ አይደለም፤ ምስክርነት እንድሰጥ ነው። ጉልበቴ ደግሞ፣ አልዋሽም፣ ተሽሎት ነበር። ቆምኩና የሆነውን እንዳለ ነገርኳቸው፤ ያለ ቤት መምቻ፣ ያለ ማሳመር። ገና አሜን ሲሉኝ ምን እንደተሰማኝ ሳወራ ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ሽማግሌዎቹ ወንበር ይዘው ሳቁ። ሌሊሴ ሆዷን ይዛ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። ዓይኔን ማመን አቃተኝ።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ጠየቅኳት። እንዲህ መሳቅ ከቻልሽ ያን ሁሉ ዓመት ግጥም ሳነብልሽ ለምን ዝም ትዪኝ ነበር አልኳት።

እጸልይልህ ነበር አለችኝ።

ለጉልበቴ?

"አይ" አለች፤ "ግጥሙ እንዲለቅህ።"